«ነርስ» እና «አስታማሚ»

ስለ አንድ የሙያ ስያሜ በሚመከርበት ጊዜ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ ቋንቋው የራሱ ቃል አለው ወይ የሚል ነው። «ነርስ» የሚለውን የውጭ ቃል በሚመለከት መልሱ ቀላል ይመስላል፤ «አስታማሚ» የሚል ቃል አለንና። የሁለቱ ቃላት ታሪክ ግን ጉዳዩን በሌላ መልክ ያሳየናል።

«አስታማሚ» ከ«አመመ»፣ «ታመመ»፣ «አስታመመ» የግሥ ቤተሰብ የተገኘ ነው። በሽተኛን ማብላት፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ከአጠገቡ ማደር ሁሉ ማስታመም ይባላል። ይህም የእናት፣ የልጅ፣ የጎረቤት ወግ እንጂ ደመወዝ የሚቈረጥለት ሥራ አልነበረም። ነገርን በትዕግሥት መያዝም «አስታሞ መያዝ» መባሉ የቃሉን ጠባይ ያስረዳል።

የነርስነት ትምህርት በአገራችን የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በስደቱ ዘመን በለንደን በዚሁ ሙያ የሠለጠኑት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1934 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በስማቸው በተሠራው ሆስፒታልም የነርሶች ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የማኅበረሰብ ነርሶችን አሠለጠነ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለ ነበር ቃሉ ከሙያው ጋር አብሮ ገባ።

የእንግሊዝኛው ቃል ሥረ መሠረቱ በላቲን «መመገብ» ማለት ሲሆን፣ በመጀመሪያ ያመለክት የነበረው የሰው ልጅ የምታጠባን ሴት ነው። አማርኛ ግን የወሰደው የኋለኛውን የሙያ ፍች ብቻ ነው፤ ለልጅ አሳዳጊዋ «ሞግዚት» አላትና። ከዚያ ወዲህ ቃሉ በሰዋስዋችን ገብቶ «ነርሶች»፣ «ነርሷ»፣ «ነርስነት» ተብሎ ይረባል። በመጥሪያነት ለሴቶቹ «ሲስተር» የሚለው ተለምዷል።

ታዲያ «ነርስ»ን በ«አስታማሚ» እንተካ ቢባል ችግሩ ምንድን ነው? በሆስፒታል በር ላይ «አስታማሚ አይግባ» ተብሎ ቢጻፍ የሚመለሰው የበሽተኛው ወገን እንጂ ነርሱ አይደለም። «መድኃኒቱን አስታማሚዋ ትስጥ» የሚል ትእዛዝ ቢተላለፍም፣ የተባለችው ባለሙያዋ ትሁን የበሽተኛው እኅት አይለይም፤ መድኃኒቱ ሳይሰጥ ቢቀር ወይም ሁለት ጊዜ ቢሰጥ ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት «ነርስ» ለባለሙያው፣ «አስታማሚ» ለቤተ ዘመዱ ተለይተው ቢጸኑ ይበጃል። የውጭ ቃል መቀበል የሚያስነቅፈው ያለውን ቃል ሲያፈናቅል ነው፤ እዚህ ግን ነባሩ ቃል ከቦታው አልተነሣም።