የሁለት ዓመት የኮምፒዩተር ዲግሪ ያዋጣል ወይ?

ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስንወጣ አንድ ተማሪዬ ጠብቆኝ «ጋሼ፣ በኦንላይን የሁለት ዓመት የኮምፒዩተር ዲግሪ አለ ይላሉ፤ ብገባበት ያዋጣኛል?» አለኝ። ቶሎ ብዬ «ግባ» ልለው ነበር። ግን ይህ ልጅ ማታ ማታ ሱቅ ይሠራል፣ ታናናሾቹ የሚበሉት ከዚያ ነው። ሁለት ዓመት ለእሱ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍኩ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አሶሼት ዲግሪ» የሚባለው ነገር የተስፋፋው አሜሪካ ነው። በ1890ዎቹ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረው ዊሊያም ሬኒ ሃርፐር የአራቱን ዓመት ትምህርት መሐል ላይ ለሁለት ከፈለው። ሐሳቡ፣ ማቆም ለሚፈልግ ክብር ያለው መውጫ፣ መቀጠል ለሚፈልግ ደግሞ መወጣጫ ደረጃ እንዲሆን ነበር። በ1901 እዚያው ኢሊኖይ ውስጥ በጆሊየት ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ፣ 6 ተማሪዎች ይዞ የሕዝብ ጁኒየር ኮሌጅ ተጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተስፋፋ። በ1947 ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን የመጀመሪያው ሁለት ዓመት ያለ ክፍያ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ በ1960ዎቹም በመቶ የሚቆጠሩ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ተከፈቱ።

ኮምፒዩተርም የገባው በዚሁ ጊዜ ነው። በ1962 ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል አቋቋመ። የሁለት ዓመት ኮሌጆቹ ግን በብዛት ያስተማሩት «ዳታ ፕሮሰሲንግ» ይባል የነበረውን ነው። ካርድ መብሳት፣ ካርዱን ለማሽን መስጠት፣ በኮቦል ቋንቋ የደመወዝና የሂሳብ ፕሮግራም መጻፍ ማለት ነው። አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360 የተባለውን ማሽን ካስተዋወቀ በኋላ ባንኩም ኢንሹራንሱም ሰው ይፈልግ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? ካርዱ ቀረ። ካርድ መብሳት ብቻ የተማረው ሰው እጁ ባዶ ሆነ፤ ፕሮግራም መጻፍ የተማረው ግን ማሽኑ ቢቀየርም ሥራው ተከተለው። ኮቦል እንኳ ዛሬም በባንኮች ውስጥ ይሠራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የካሊፎርኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ለነዋሪው እስከ 1984 ድረስ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም ነበር። ከ2012 ጀምሮ ክፍያው በአንድ ክሬዲት 46 ዶላር ነው። ዲግሪው 60 ክሬዲት ቢሆን 2,760 ዶላር ይመጣል። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ቆመን «ርካሽ ነው» እንላለን። ትልቁ ወጪ ግን ክፍያው አይደለም፣ ሳንሠራ የምናሳልፈው ጊዜ ነው።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ ለ2023 ያወጣውን እንይ። ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ የሆነ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች መካከለኛ ሳምንታዊ ገቢ፣ ሁለተኛ ደረጃ ለጨረሰ 899 ዶላር፣ ለአሶሼት ዲግሪ 1,058፣ ለአራት ዓመት ዲግሪ 1,493 ነበር። ይህ የሁሉም ሙያ እንጂ የኮምፒዩተር ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም መንገዱን ያሳያል። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ በሳምንት የሚጨምረው 159 ዶላር ነው፣ በዓመት 8,268። ተማሪው ሁለቱን ዓመት ምንም ሳይሠራ ቢማር የሚያጣው ደመወዝ ወደ 93,500 ዶላር ይጠጋል። ክፍያው ሲጨመርበት ያንን ለመመለስ ከ11 ዓመት በላይ ይፈጃል! ግማሽ ቀን እየሠራ ከተማረ ግን ወደ 6 ዓመት ይወርዳል። ወደ አራት ዓመቱ ከተሻገረ ደግሞ ጭማሪው በሳምንት 594 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ የሁለት ዓመቱ ወረቀት ዋና ጥቅሙ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሃርፐር እንዳሰበው መወጣጫነቱ ነው። በኮምፒዩተር ደግሞ ይህ ይበልጥ ይታያል። በአሜሪካ የሶፍትዌር ሥራ በብዛት የአራት ዓመት ዲግሪ ይጠይቃል፣ የኔትወርክ ጥገናና የተጠቃሚዎች ድጋፍ ሥራ ግን በሁለት ዓመትም ይገኛል። ሥራው ራሱም ይወጣል ይወርዳል፤ በ2000 የኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን ሲወድቅ ስንቱ ባለሙያ ሥራ እንዳጣ የሚያስታውስ ያስታውሳል።

ለእኛስ? በሩዋንዳ ኪዚባ ካምፕ ከ2015 ጀምሮ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሆነው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ተምረዋል፤ ስለዚህ የሚቻል ነገር ነው። ስኮላርሺፕ ካለ ክፍያው የለም፣ የምናጣው ኢንሴንቲቭም ከአሜሪካ ደመወዝ ጋር አይወዳደርም። ግን ኢንሴንቲቭ ትንሽ ናት ብሎ መናቅ አይገባም፤ የተማሪዬ ታናናሾች በትንሽዋ ነው የሚበሉት። ደግሞ የአሜሪካን ደመወዝ ይዞ ማስላት ራስን ማታለል ነው። በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሟን ስታግድ ፕሮሰሳቸው ያለቀ ሰዎች ጭምር ቀርተዋል። እዚህ አካባቢ ያለ አሠሪ ደግሞ የሚያውቀው ሰርተፍኬት፣ ዲፕሎማና ዲግሪ ነው፤ «አሶሼት» ሲባል ብዙው «ምንድን ነው?» ይላል።

ለልጁ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው መጀመሪያ የምጠይቀው ክሬዲቱን ማን እንደሚቀበለው ነዋ» አለ። ኢሜይሉን አብረን ጻፍን፦ ሁለቱን ዓመት ስጨርስ ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚቀበለኝ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው? ማታ ሱቅ እየሠራሁስ መከታተል እችላለሁ? መልሱን እየጠበቅን ነው።