ጃኩዚ ሳይመጣ በፊት

መቼም ሸዋ ሮቢት ሐሩር ውስጥ ተቀምጦ ስለ ሙቅ ውሃ ገንዳ ማውራት ያስቃል። ቆላ ነዋ! የይፋት ሰው በሚያዝያ ፀሐይ የሚመኘው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ከዚሁ ቆላ በላይ አንኮበር ስትወጡ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሸዋ ነገሥታት ደግሞ የኖሩት እዚያ ነው።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ምኒልክ በኋላ እንጦጦ ላይ ሲከትሙም ያው ብርድ ተከተላቸው፤ ማገዶውም እያጠረ ሄደ። ከተራራው ግርጌ ግን ፍል ውሃ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ እየወረደ ይታጠብ ጀመር። በ1879 ዓ.ም.፣ ሐረር በተያዘበት ዓመት፣ ጣይቱ (ያኔ ገና እቴጌ አልተባሉም) ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ዋና ከተማችን በከፊልም ቢሆን በገላ መታጠቢያ ሰበብ የተቆረቆረች ናት።

ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት ኦሮሞዎች ይኖሩበት ነበር። ከተማው ሲስፋፋ መሬቱ ለመኳንንቱ ተመራ፣ የቀድሞ ነዋሪዎቹም ተገፉ። ስለ ፍል ውሃ ፈዋሽነት ሲወራ ይህችኛዋ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ ለምን እንደሆነ ለእናንተው ልተወው።

ውሃው ራሱ ምሥጢር የለውም። ዝናብ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል፣ ጥልቁ ውስጥ ይሞቃል፣ በስንጥቅ በኩል ተመልሶ ይወጣል። ሶደሬም ወንዶ ገነትም እንዲሁ ናቸው። ሙቀት የደም ሥር ያሰፋል፣ ውሃ ደግሞ የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም መገጣጠሚያ ያርፋል። የልብ ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ግን ሐኪም ሳያማክሩ ባይገቡ ይሻላል።

ዛሬ በየቪላው የሚገባው ጃኩዚስ? ስሙ የቤተሰብ ስም ነው። ከጣሊያን አሜሪካ የተሰደዱት ወንድማማቾች የውሃ ፓምፕ ይሠሩ ነበር። ካንዲዶ ጃኩዚ በሪህ የሚሠቃይ ሕፃን ልጅ ነበረው፤ ለእሱ ሲባል የተሠራው ውሃ የሚያናውጥ ፓምፕ በ1956 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። ፓምፑ ከነገንዳው አንድ ሆኖ የተሸጠው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው።

የእኛ የቤት ውስጥ ስፓ ግን ውሃ እንኳ አይፈልግም። ከሸዋ ሮቢት የደሴን መንገድ ይዛችሁ ወሎ ስትገቡ የወይባ ጢስ ታገኛላችሁ። መሬቱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የወይባ እንጨት ይጨስበታል፤ ሴቲቱ ጋቢ ተከናንባ ላዩ ላይ ትቀመጣለች፣ ላብ በላብ እስክትሆን። ሙሽራ ትሞቀዋለች፣ አራስም ትሞቀዋለች። ሱዳኖችም በግራር እንጨት ይሞቁታል፣ ዱኻን ይሉታል። (ጭንቅላትን ከጋቢው ውጭ ማድረግ ነው፤ ጢሱ ለሳንባ አይራራም።)

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ታዲያ ጉድጓዱ የት ይቆፈር? የአዲስ አበባ ሙሽራ የእናቷን ጢስ የውበት ሳሎን ገብታ በገንዘብ ትሞቃለች። እንጨቱ የሚመጣው ግን ያው ከቆላ ነው፤ ከሰል አክሳዩም የሚፈልገው ያንኑ ዛፍ ነው።