የቱበርክሊን ታሪክ፦ ፈውስ ሊሆን ታስቦ መመርመሪያ የሆነው ፈሳሽ

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን ካሳወቀ ከስምንት ዓመት በኋላ ሌላ ታላቅ ተስፋ ይዞ ቀረበ። ከባክቴሪያው የተዘጋጀ ቱበርክሊን የተሰኘ ፈሳሽ ቲቢን ይፈውሳል አለ። ዜናው ሲሰማ ሕሙማን ወደ በርሊን ጎረፉ። መድኃኒቱ ግን አላዳናቸውም፤ እንዲያውም ብርቱ ትኩሳት እያስከተለ የአንዳንዶቹን ሞት አፋጠነ። ሆኖም አንድ ነገር ተስተዋለ። በትንሽ መጠን ሲሰጥ በሕሙማኑ ላይ የሚታየው ብርቱ ምላሽ በጤነኞች ላይ አይታይም ነበር።

ኦስትሪያዊው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ እ.ኤ.አ. በ1907 ቱበርክሊንን በተጫረ ቆዳ ላይ በማኖር ለምርመራ አዋለው። በዓመቱ ፈረንሳዊው ሻርል ማንቱ በቆዳ ውስጥ በመርፌ የመስጠትን ዘዴ አስተዋወቀ። በ1930ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊቷ ፍሎረንስ ሲበርት ፕሮቲኑን አጣርታ ፒ.ፒ.ዲ. የተባለውን አዘጋጀች። የምርመራው መሠረት ቀላል ነው። ባክቴሪያውን ቀድመው የሚያውቁ ቲ-ሴሎች ፕሮቲኑ ወደ ተሰጠበት ስፍራ ይሰበሰባሉ፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜም ቆዳው ያብጣል። የሚለካው የእብጠቱ ጥጥርነት እንጂ ቅላቱ አይደለም።

ችግሩ ፒ.ፒ.ዲ. የብዙ ፕሮቲኖች ድብልቅ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ በቢ.ሲ.ጂ. ክትባትና በአካባቢ በሚገኙ ሌሎች ማይኮባክቴሪያዎችም ላይ ይገኛሉ። ቢ.ሲ.ጂ. እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በመደበኛ የክትባት ፕሮግራም በሚሰጥባት ኢትዮጵያ፣ የእብጠቱ ምክንያት ክትባቱ ይሁን ተላላፊው ባክቴሪያ መለየት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል በኤች.አይ.ቪ. ወይም በምግብ እጥረት የተዳከመ ሰው ቲቢ እያለበትም ምላሽ ላያሳይ ይችላል።

መፍትሔው የተገኘው በ1990ዎቹ ነው። ቢ.ሲ.ጂ. ለረጅም ዓመታት በቤተ ሙከራ ሲራባ የዘረመሉን አንድ ክፍል እንዳጣ ታወቀ፤ በዚያ ክፍል የሚመሩት ኢሳት-6 እና ሲ.ኤፍ.ፒ-10 የተባሉ ፕሮቲኖች በክትባቱ ውስጥ የሉም። ቀደም ሲል አውስትራሊያ ውስጥ ለከብቶች ቲቢ ምርመራ የዳበረው ዘዴም ለሰው ተስማማ፤ ደም ከእነዚህ ፕሮቲኖች ጋር ተደባልቆ ቲ-ሴሎች የሚያመነጩት ኢንተርፌሮን ጋማ ይለካል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎችም ከዴንማርክ ባልደረቦቻቸው ጋር ድርሻ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ከቲቢ ሕሙማን ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ 24 ጤነኛ ሰዎችን እስከ ሁለት ዓመት ተከታተለ። ለኢሳት-6 የሚሰጥ ብርቱ ምላሽ ኋላ ከሚመጣ ሕመም ጋር እንደሚዛመድም አሳየ።

ሆኖም ቆዳውም ደሙም የሚመሰክሩት ሰውነት ባክቴሪያውን ማወቁን ነው፤ ሰውየው ዛሬ በቲቢ መታመሙን ግን አይናገሩም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የኢንተርፌሮን ጋማ ምርመራ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ንቁ ቲቢን ለመለየት እንዳይውል መከረ። በዚያው ዓመት በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚፈልጉ የንግድ የቲቢ ምርመራዎችንም ተቃወመ።

ይህ ታሪክ በምሥራቅ ጎጃም፣ በየጁቤም ሆነ በብቸናና በሞጣ ለሚሠራ ጤና ባለሙያ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ እብጠቱ እንዲለካ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ መመለስ ይኖርበታል፤ የደም ምርመራውም በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ ቤተ ሙከራ ይሻል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ለሚያስለው ሰው ውሳኔ የሚሰጠው የአክታ ምርመራ ነው። ከታማሚ ጋር የሚኖር ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ንቁ ቲቢ እንደሌለበት ከተረጋገጠ፣ የቆዳም ሆነ የደም ምርመራ ሳይጠበቅ የመከላከያ ሕክምና ሊጀምር ይገባዋል።