ያገለገለ አውሮፕላን መግዛት፡ ከአንችም እስከ ትንሿ ጄት

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን ያገለገለች ትንሽ ጄት የሚሸጥበት ማስታወቂያ ላከልኝ። «ቲቸር፣ ይቺ እኮ አዲስ አበባ ካለ ፎቅ ትረክሳለች! አንድ ባለሀብት ገዝቶ ባሕር ዳር ላይ ለቱሪስት ቢያሠራት አያዋጣም?» ይላል። ጥያቄው ጥሩ ነው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝና መልሴን ከታሪክ ልጀምር። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ነው። ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥሪት ሲሆን ከጅቡቲ በፈረንሳዊ አብራሪ በርሮ መጣ። ብዙም ሳይቆይ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለው። ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላ አውሮፕላን ከኛ ሐይቅ በስተምሥራቅ በጌምድር ሰማይ ላይ ታየ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም በአንችም ጦርነት በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣም በዚያው ቀን ወደቁ።

ከዚህ በኋላ የአውሮፕላንን ጥቅም የሚጠራጠር መኳንንት አልነበረም። አገሪቱም ከየቦታው ሰበሰበች። ፖቴዝ፣ ዩንከርስ፣ ፎከር፣ ፋርማን፣ ብሬዳ፣ ሞዝ... የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የጣሊያን፣ የእንግሊዝ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። መለዋወጫው በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ በባቡር እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። መካኒኩም አብራሪውም በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው።

አብራሪ ከተባለ ደግሞ የትሪኒዳድ ተወላጁን፣ «የሐርለም ጥቁር ንስር» የተባለውን ሁበርት ጁልያንን እናንሣ። ተፈሪ መኮንን ዘውድ ሊጭኑ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው፣ በጣም የሚወዷትን ጂፕሲ ሞዝ አስነሥቶ ከሰከሳት! እሱ ተረፈ፣ አውሮፕላኗ ግን አበቃላት።

በ1928 ዓ.ም ጣሊያን ሲወረን በእጃችን የነበረው አንድ ደርዘን ገደማ ብቻ ነበር። ከዚያም ውስጥ መብረር የሚችለው ጥቂቱ ነው። ጣሊያን በመቶዎች አሰልፎ መጣ። ሌላው ቀርቶ ያሉንን እንኳ ሁሉንም ማስነሣት አልቻልንም።

አሁን ሁለተኛውን ታሪክ ስሙልኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም ነው። በምን አውሮፕላን ጀመረ? በሰልባጅ! አዎ፣ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ሲያበቃ አሜሪካ ከተረፏት ሲ-47 የጦር ማመላለሻዎች አምስት ተገዙ። ተሳፋሪው ግድግዳው ላይ በተደገፈ አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ጭነቱ መሐል ላይ ይደረደራል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ።

ያ ለምን ከሸፈ፣ ይሄ ለምን ተሳካ? አንደኛ፣ አምስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለተኛ፣ ሲ-47 ከ10,000 በላይ የተመረተ ስለሆነ መለዋወጫው በዓለም ሁሉ ሞልቷል። በሣር ሜዳም ያርፋል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ከብረቱ ጋር ሰው አብሮ መጣ። ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ውል ተፈርሞ አብራሪው፣ መካኒኩ፣ አስተዳዳሪው ከዚያ መጣ፤ የኛ ልጆችም ከሥራቸው ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው።

ወደ ትንሿ ጄት እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 የበረራ ፈቃድ ያገኘች ኢክሊፕስ 500 የምትባል አለች። ባለሁለት ሞተር ናት፤ ድርጅቱ መጀመሪያ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች እሸጣታለሁ ብሎ ዓለምን ጉድ አሰኘ። ዋጋዋ ግን ቀስ በቀስ ወጣ። 260 ገደማ ከሠራ በኋላ በ2008 ከሠረ። ቀድመው የገዙት አንዳንድ መሣሪያዎቿ ሳይሟሉ ነበር የተረከቧት፤ «በኋላ እናሟላለን» ተብለው። ድርጅቱ ሲወድቅ ያ ቃል አብሮ ወደቀ። ማሟያውን ከኪሳቸው ከፈሉ። በሌላ በኩል የሴስናዋ ሙስታንግ ምርቷ በ2017 ቢያቆምም አምራቿ ስላለ ዕቃዋ ይገኛል። ልዩነቱ ገባችሁ?

ስለዚህ ያገለገለች ጄት የሚገዛ ሰው ከቀለሟና ከወንበሯ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፦

የሞተሩ ሰዓት ስንት ቀረው? ሞተር ጥቂት ሺህ ሰዓት ሠርቶ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል። የሁለቱ ሞተሮች እድሳት ከተገዛችበት ዋጋ ጋር ሊፎካከር ይችላል።

የጥገና መዝገቧ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ነው? መዝገብ የጎደላት አውሮፕላን ዋጋዋ ወዲያው ይወርዳል።

የመረመራት መካኒክ የማን ነው? የሻጩ ከሆነ አልተመረመረችም በሉ። ዕዳ ተይዞባትም እንዳይሆን።

የት ነው የምትነሣው? ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ፣ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ይደክማል፣ የመንደርደሪያ ርዝመት ይጨምራል። በወረቀት ላይ የተጻፈው ጭነት እዚህ ላይሠራ ይችላል።

አንድ ሐዘን ላስታውሳችሁ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ሜዳ ላይ ተከሰከሰ። ከ104 ሰዎች 35ቱ አለፉ። ነፍሳቸውን ይማር። አውሮፕላኑ ገና አዲስ ነበር። አዲስ መሆንም ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ አካባቢውን ማወቅ ያስፈልጋል።

እኔ ያገለገለ ዕቃ አትግዙ አልልም። አየር መንገዳችን በሰልባጅ ተነሥቶ የት እንደደረሰ እያየን ነው። የምለው፣ በቅሎ የገዛ ሰው ገብሱንም፣ ኮርቻውንም፣ የሚጠብቃትንም ልጅ አብሮ ያስብ ነው። ይሄ ለጄት ብቻ አይደለም። ለትራክተርም፣ ለወፍጮም፣ ጣና ላይ ለምናንሳፍፋት ጀልባ ሞተርም ያው ነው። ሐይቁ መሐል ላይ ሲጠፋ ርካሽ መሆኑ አያሻግርም።

አቪዬሽን ውስጥ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የጎደለውን ሙሉበት። መልካም ሰንበት።