ለአደገኛ አውሬ አደን የዋሉ ጠመንጃዎችና ጥይቶች በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳ፣ ነብርና ጉማሬ ለማደን የዋሉት ጠመንጃዎችና ጥይቶች አብዛኞቹ ወደ አገሩ የገቡት በጦርነት ምክንያት ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የአውሮፓ ጠመንጃ ሠሪዎች የአውሬውን ክብደትና የአጥንቱን ጥንካሬ እያሰሉ የተለየ የአደን ጥይት ሲሠሩ፣ ኢትዮጵያዊው አዳኝ በአመዛኙ ሲተኩስ የኖረው ለወታደር የተሠራውን ጥይት ነበር። ስለዚህ በዚህ አገር የአዳኞች ምርጫ የተለወጠው በመሣሪያ ንግድ፣ በስጦታ፣ በምርኮና በገበያ ዋጋ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከጠመንጃ በፊት

ዝሆንና አንበሳ በጦር ማደን ከጥንት የነበረ ነው። ገዳዩ ፎክሮና አስፎክሮ ይገባል፤ አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋል፣ ዝሆን የገደለም የወርቅ ሎቲ ያንጠለጥላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ ስናር ሲመለስ በ1772 በምዕራቡ ቆላ ያየውን የሰይፍ አደን በዝርዝር ጽፏል። ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ ላይ ይፈናጠጣሉ። ፊት ያለው ዝሆኑን እየተፈታተነ ወደ ራሱ ሲስብ፣ ኋላ ያለው ዘሎ ይወርድና የኋላ እግሩን ጅማት በሰይፍ ይቆርጣል። እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከርም ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ በሰቲት ወንዝ ዳርቻ የሐምራን ዓረብ አዳኞች ይህን የመሰለ የሰይፍ ስልት ሲጠቀሙ አግኝቷቸዋል።

የጥቁር ባሩድ ዘመን

ጥቁር ባሩድ አረሩን የሚገፋበት ፍጥነት ወሰን አለው። ከዚያ በላይ ማፍጠን ስለሚያዳግት፣ የበለጠ ኃይል የፈለገ አዳኝ የነበረው አማራጭ አፈሙዙን ማስፋትና እርሳሱን ማክበድ ብቻ ነበር። እንግሊዞች «ባለ 4» የሚሉት ጠመንጃ የሚተኩሰው ክብ እርሳስ 113 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ለስላሳ እርሳስ የዝሆን አጥንት ሲመታ ስለሚደፈጠጥ፣ ቆርቆሮ ቀላቅሎ ማጠንከር የተለመደ ሆነ።

በሸዋ ስለ ጠመንጃ አደን በሰፊው ከተጻፉት ቀደምት ምንጮች አንዱ የካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ መጽሐፍ ነው። ሃሪስ ከ1841 እስከ 1843 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ቆይቷል። ከዚያ በፊት በደቡብ አፍሪካ ዝሆን በማደን የታወቀ ሰው ነበር። ለንጉሡ ካቀረባቸው ስጦታዎች መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ የወታደር ጠመንጃዎች ነበሩበት። በትረካው መሠረት የእሱ ቡድን በሸዋ ቆላ ዝሆንና ጎሽ ጥሎ ከንጉሡ የገዳይ ክብር ተቀብሏል። በጠመንጃ ዝሆን መግደል በሸዋ የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ነፍጥ በኢትዮጵያ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስለነበረ ይህን አባባል በጥንቃቄ መቀበል ይገባል።

ከላይ የተጠቀሰው ሳሙኤል ቤከር በጉዞዎቹ ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ በተለይ ታዋቂ ነው። «ሕፃኑ» ብሎ የሚጠራው፣ በለንደን በሆላንድ ቤት የተሠራው ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃ 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የሚተኩሰውም ግማሽ ፓውንድ፣ ማለት ከ220 ግራም በላይ የሆነ ፈንጂ አረር ነው። ዓረብኛ ተናጋሪ አጃቢዎቹ «የመድፍ ልጅ» አሉት። ቤከር ራሱ እንደጻፈው ጠመንጃው ሲተኮስ ተኳሹን በአውሎ ነፋስ ውስጥ እንዳለ የነፋስ አቅጣጫ መጠቆሚያ ያሽከረክረው ስለነበር በጣም ሲያስፈልግ ብቻ ይተኩሰው ነበር። የጥቁር ባሩድ ዘመን የደረሰበት ጫፍ ይህ ነበር፤ አውሬውን የሚጥለው ኃይል ተኳሹንም የሚጎዳበት ደረጃ ላይ ደርሷል።

ከመቅደላ እስከ ዓድዋ

ከኋላ የሚጎርሱና ቀለህ ያለው ጥይት የሚተኩሱ ጠመንጃዎች በብዛት የገቡት ከ1860ዎቹ መጨረሻ በኋላ ነው። በ1868 መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የታጠቀው ስናይደር ጠመንጃ በአማርኛ «ሰናድር» ተብሎ ቀረ። ራምንግተን በግብፅ ጦርነቶችና በጣልያን በኩል መጣ፤ በ1887ቱ ስምምነት ጣልያን ለምኒልክ 5,000 ራምንግተን ለመስጠት ቃል ገብታለች። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከታጁራ ያስነሳው፣ ሁለት ሺህ ገደማ አሮጌ ጠመንጃ የጫነ ሲራራ አንኮበር ደረሰ። ሩሲያ በርዳን የተባለውን ጠመንጃዋን፣ ዓድዋ ደግሞ የጣልያኑን ቬተርሊ አስገባ። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ድል የተማረከው ጠመንጃ ከ10,000 በላይ እንደሆነ ይገመታል።

ከእነዚህ ሁሉ በአዳኝ እጅ ረጅም ዕድሜ ያገኘው «ውጅግራ» የተባለው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው ይህ መሣሪያ በ11 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ 25 ግራም የእርሳስ አረር በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ይወረውራል። አንድ በአንድ የሚጎርስ፣ ቀላልና ጠንካራ መሣሪያ ነበር።

የሩሲያው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በ1890ዎቹ መጨረሻ በምዕራብ ኢትዮጵያ ያየው የዝሆን አደን ይህ ጥይት እንዴት ይሠራበት እንደነበር ያሳያል። አዳኞቹ ብዙ ሆነው መንጋውን ይከባሉ፣ ከቅርብ ይተኩሳሉ፣ ጦረኞችም ይጨመራሉ። አንድ ዝሆን ብዙ ጥይት ተሸክሞ ይወድቃል፤ ሰውም ይሞታል። ግዳዩ በመጀመሪያ ደም ላፈሰሰው የሚቆጠርበት ልማድ በብዙ ቦታ ተመዝግቧል። ይህ ልማድ ለጥይት ምርጫ ትርጉም ሳይኖረው አልቀረም፦ ማዕረጉ የሚገኘው ቀድሞ በማቁሰል ከሆነ፣ በአንድ ተኩስ የሚጥል ከባድ ጥይት የመፈለግ ግፊት ይቀንሳል። ከሁለቱ ጥርስ አንዱ ለገዥው ይገባ እንደነበርም ይወሳል።

ጥይት እንደ ገንዘብ

አዳኙ የያዘውን ጥይት የያዘበት ዋና ምክንያት ምናልባት ገበያው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ማሪያ ቴሬዛ ብር ትልቅ ገንዘብ በመሆኑ ለጥቃቅን ግዢ አይመችም። አሞሌ ጨው ይከብዳል፣ በዝናብም ይሟሟል። ጥይት ግን ትንሽ ነው፣ አይበላሽም፣ በዝናር ታጥቆ መንገድ ይገባል፤ ሁሉም ሰው ስለሚፈልገው የሚመልሰው የለም።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የበለጠ የታወቀው የውጅግራ ጥይት ነው። ዋጋው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ከባሕር በር በራቀ ቁጥር ይወደዳል። የተተኮሰ ቀለህ እንኳ ይሰበሰብ ነበር፤ ዳግመኛ ባሩድና እርሳስ እየሞሉ መተኮስ ስለሚቻል ባዶውም ዋጋ ነበረው። ደካማ ባሩድ የተሞላ ቀለህ ከጥሩው ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ ደግሞ ጉዳቱ የሚታየው አደን ላይ ነው። የከሸፈ ጥይት በገበያ የሚያስከትለው ጭቅጭቅ ነው፤ በቆሰለ ጎሽ ፊት ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ከዚህ ተነስቶ የአዳኙን አስተሳሰብ መረዳት ይቻላል። ውድ የእንግሊዝ የአደን ጠመንጃ በስጦታ ቢያገኝ እንኳ ጥይቱ ሲያልቅ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ውጅግራ የያዘ ሰው ግን በደረሰበት ገበያ ሁሉ ይሞላል። እያንዳንዱ ተኩስም የሚወጣው ከኪስ ነው፤ ስለዚህ ቀርቦ፣ አነጣጥሮ፣ ጥቂት መተኮስ የብልህነት ምልክት ነበር።

ጭስ አልባ ባሩድና የቀጭን ጥይት ክርክር

ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ለበን የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ 8 ሚሊ ሜትር አረር በሴኮንድ ከ600 ሜትር በላይ መተኮስ ቻለ። ኢትዮጵያ ውስጥም ለበን፣ ምንሽርና በኋላ ቤልጅግ የሚባሉት ቀጭን፣ ፈጣንና ባለ ካዝና ጠመንጃዎች ውጅግራን ቀስ በቀስ ተኩት። ይህ ለውጥ ለወታደሩ ያለ ጥርጥር እድገት ነበር። ለዝሆንና ለጎሽ አዳኝ እድገት መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የክርክሩ አንዱ ወገን ስኮትላንዳዊው ዎልተር ቤል ነው። ቤል ካራሞጃ በተባለው የዩጋንዳ አገር ስም የተጠራ አዳኝ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥም በጊሎ ወንዝ ረግረግ አድኗል፤ ጉዞውን በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። ከ1,000 በላይ ዝሆኖች የገደለ ሲሆን ከ800 በላዩን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ጥይት እንደሆነ ይነገራል። ምስጢሩ ከጥይቱ ይልቅ በዕውቀቱ ላይ ነበር። የዝሆን ራስ ቅል አስገዝግዞ አንጎሉ የት እንዳለ አጥንቷል፤ ሙሉ ልባስ ያለው፣ የማይደፈጠጥ አረር ብቻ ይተኩስ ነበር። ረጅምና ቀጭን አረር ስፖንጅ መሰሉን የራስ ቅል አጥንት ሰንጥቆ ያልፋል።

በሌላው ወገን ያለው አዳኝና ጸሐፊው ጆን ቴይለር ነው። በ1948 ባሳተመው የአፍሪካ ጠመንጃዎችና ጥይቶች መጽሐፉ የአረሩን ክብደት፣ ፍጥነትና ስፋት አባዝቶ አውሬውን የማደንዘዝ አቅም የሚለካ ቀመር አቀረበ። ቀመሩ ብዙ ተቺዎች አሉት። በኢትዮጵያ መሣሪያዎች ላይ ሲሠራበት ግን የሚያስገርም ውጤት ይሰጣል፦ ውጅግራ 36 ገደማ፣ የቤልጅግ 7.92 ሚሊ ሜትር 23 ገደማ፣ የቤል 7 ሚሊ ሜትር 16 ገደማ ያገኛሉ። ዛሬ ለአደገኛ አውሬ ዝቅተኛው መነሻ ተብሎ የሚታየው የ.375 ኢንች ጥይት ደግሞ 40 ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ውጅግራውን ሸጦ ቤልጅግ የገዛ አዳኝ የድንጋጤውን ኃይል አንድ ሦስተኛ ያህል አጥቷል ማለት ነው።

ነገር ግን ቀመሩ ስለ አረሩ ጥንካሬ ምንም አይናገርም። የውጅግራ እርሳስ በአንበሳና በነብር ሥጋ ውስጥ ተደፍጥጦ ሰፊ ቁስል ይከፍታል፤ ቆዳቸው ስስ፣ አጥንታቸው ቀላል ስለሆነ ይበቃቸዋል። በዝሆን ራስ ላይ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። የቤልጅግ ባለ ልባስ አረር በአንበሳ በኩል ቀጭን ቀዳዳ ትቶ ሊያልፍ ይችላል፤ የዝሆኑን አንጎል ግን ከቅርብና በትክክል ከተተኮሰ ይደርስበታል። ስለዚህ የመሣሪያው ለውጥ ለዝሆን አዳኝ ሲጠቅም ለአንበሳ አዳኝ አስቸጋሪ ሳይሆን አልቀረም። ሁለቱንም የሚያድነው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ጠመንጃ ብቻ ነበረው።

የአደን ጥይቶች በሌላው ዓለም

ጭስ አልባ ባሩድ በወፍራም አፈሙዝ ውስጥ ሲገባ አዲስ ዘር ተፈጠረ። የእንግሊዙ ጠመንጃ ሠሪ የሪግቢ .450 ናይትሮ ኤክስፕረስ በ1898 ገደማ፣ የዚያው ቤት .416 በ1911፣ የሆላንድ ኤንድ ሆላንድ .375 በ1912 ወጡ። እንግሊዞች በሕንድና በሱዳን .450 ሲከለክሉ .470 እና መሰሎቹ ቦታውን ያዙ። በ1956 የዊንቸስተር .458 ርካሽ አማራጭ ሆኖ መጣ። በ1960ዎቹ የእንግሊዙ ጥይት ሠሪ ካይኖክ የትልልቅ ጥይቶችን ምርት ሲያቆም አሮጌዎቹ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎች ለጊዜው ጥይት አጡ፤ ኢትዮጵያዊው አዳኝ ቀድሞ ያውቀው የነበረው ችግር ሀብታሙን አዳኝ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ምርቱ እንደገና አንሰራርቷል።

ከቤልጅግ እስከ ክላሽ

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መንግሥት ከቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የገዛቸው ማውዘሮች በገጠሩ ዘንድ የመጨረሻ የተከበሩ ጠመንጃዎች ሆኑ። በነሐሴ 1930 ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር የተፈረመው ስምምነት መሣሪያ ማስገባትን ሥርዓት አስያዘ። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የጣልያን 6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃዎች፣ ቀጥሎ የአሜሪካ ኤምዋን ተጨመሩ። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተሰራጨው ክላሽ 8 ግራም አረር በሴኮንድ 715 ሜትር ገደማ ይተኩሳል፤ ጉልበቱ ከውጅግራም ያነሰ ስለሆነ ለጎሽና ለዝሆን የማይመጥን ነው።

በሰሜን ሸዋ

ከራቤል እስከ መሐል ሜዳና መርሐ ቤቴ ባለው ደጋ ዝሆንና ጎሽ የሉም። በገደሎቹ የሚኖረው አደገኛ አውሬ ነብር ነው። 

ሕግና የዛሬው አደን

አደንን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 61 በ1936 ዓ.ም. ወጣ። ኢትዮጵያ በ1989 ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀላቀለች። በኋላ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ፤ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ተቋቋመ። አደን ያለ ፈቃድ አይካሄድም፤ የሚፈቀደውም በተወሰኑ ቦታዎችና በተወሰኑ ዝርያዎች ላይ ነው።

ለዚህ ሕጋዊ አደን የሚመጡ የውጭ አገር አዳኞች ለከባድ አውሬ .375 ወይም ከዚያ በላይ ይዘው ይገባሉ፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮችም ይህ ዝቅተኛው ሕጋዊ ልክ ነው። በአገር ውስጥ መሣሪያ መያዝን የሚገዛው ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።