«አረብ» ማን ነው? ከእስልምና በፊት የተጻፉ ድንጋዮች ለክርክራችን የሚሉት

ከጥቂት ወራት በፊት በምኖርበት የአውሮፓ ከተማ ወገኖቻችን በጠሩት አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የስብሰባው ጉዳይ የአገራችን ወቅታዊ ሁኔታ ይሁን እንጂ፣ እንደተለመደው ውይይቱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ወደ ሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ዘለለ። አንዱ ተነሣና «እናንተ ሐበሾች ከየመን ተሻግራችሁ የመጣችሁ አረቦች ናችሁ፤ ፊደላችሁም የአረብ ነው» አለ። ሌላው አላስጨረሰውም። «አረብ እስልምና እስኪመጣ ድረስ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም! እኛ በድንጋይ ላይ ስንጽፍ እነሱ ግመል ይጠብቁ ነበር!» ሲል መለሰ። ጭብጨባው ቀለጠ። ሁለቱም በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይርቁ፣ ዩኒቨርሲቲ የበጠሱ ሰዎች ናቸው። እኔ ዝም አልኩ። መልሱ ለተናጋሪ በተፈቀደው ሦስት ደቂቃ የሚያልቅ አልነበረምና።

ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የተሳሳቱትም እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው። «አረብ» የሚለው ስም፣ አረብኛ የሚባለው ቋንቋና ዛሬ የአረብ ፊደል የምንለው ጽሕፈት አብረው የተወለዱ ይመስላቸዋል። ሦስቱ ግን በተለያየ ዘመንና በተለያየ ቦታ ነው ብቅ ያሉት፤ የተገናኙትም ዘግይተው ነው። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሙ ልጀምር። ስሙን ጽፈው ያቆዩልን በመጀመሪያ አረቦች ራሳቸው ሳይሆኑ ጠላቶቻቸው ናቸው። የአሦር ንጉሥ ሳልሳዊ ስልምናሶር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ853 ሶርያ ውስጥ ቃርቃር በተባለ ስፍራ ስለተዋጋቸው ነገሥታት ሐውልት አስቀርጿል። በዚያ ላይ ከእስራኤሉ ንጉሥ ከአክዓብ ሠረገሎች ጋር «አረቡ ጊንዲቡ» አንድ ሺህ ግመል ይዞ መሰለፉ ተመዝግቦ ይገኛል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ዘቢቤና ሳምሲ የተባሉ ሁለት የአረብ ንግሥታት ለሌላው የአሦር ንጉሥ ለቴልጌልቴልፌልሶር መገበራቸውን እናነባለን። አረብን ሴት ገዝታው አታውቅም ለሚሉን ሰዎች ይህ መልካም ማስታወሻ ነው።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ዛሬዋ የመን እንሂድ። የክርክራችን እሳት የሚነሣው ከዚያ ነውና። በማሪብና በዙሪያዋ የኖሩት ሕዝቦች በሺህ የሚቆጠሩ የተቀረጹ ጽሑፎችን ትተዋል። ራሳቸውን የሚጠሩት ሳባ፣ ማዒን፣ ቀታባን፣ ሐድረሞት፣ በኋላም ሒምያር እያሉ ነው። አረብ ነን አይሉም። እንዲያውም «አዕራብ» የሚለው ቃል በጽሑፎቻቸው ውስጥ ብቅ ሲል የሚያመለክተው ሌላውን ሰው ነው፤ በበረሃ የሚንቀሳቀሰውን፣ አንዳንዴ የሚዘርፈውን፣ አንዳንዴም ተቀጥሮ የሚዋጋላቸውን። ቋንቋቸውም አረብኛ አይደለም። አረብኛ ታዋቂውን ነገር ለማመልከት ከቃሉ በፊት «አል» ሲል፣ ሳባኛ ከቃሉ ኋላ «ን» ይጨምራል። የሒምያር ነገሥታት በአምስተኛው መቶ ዓመት በበረሃው ላይ ሥልጣናቸውን ሲያሰፉ በማዕረጋቸው ላይ «የደጋውና የቆላው አረቦቻቸው» የሚል ጨመሩ። ሰው ራሱን እንዲህ ብሎ አይጠራም፤ እንዲህ የሚጠራው የሚገዛውን ነው።

እኛስ? የአፄ ካሌብ ጽሑፍ አክሱም ውስጥ ተገኝቷል። ቋንቋው ግዕዝ፣ ፊደሉ ግን የሳባ ፊደል ነው። ካሌብ ራሱን የአክሱም፣ የሒምያር፣ የሬዳን፣ የሳባ፣ የሐድረሞት ንጉሥ ካለ በኋላ «አረቦቻቸውንም ሁሉ» ይጨምራል። የአክሱም ጸሐፊ በስድስተኛው መቶ ዓመት አጥርቶ የሚያውቀው ልዩነት ለእኛ በሃያ አንደኛው ጠፍቶብናል ማለት ነው። የሳባና የአክሱም ጽሕፈት ዘመዳሞች መሆናቸውን ማንም አይክድም፤ ይሓ ያሉት ድንጋዮች ይመሰክራሉ። ያ ዝምድና ግን ከሳባ ጋር እንጂ ከአረብ ጋር አይደለም። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «ከደቡብ አረቢያ የፈለሱ ነገዶች» የሚለውን ትምህርት አስፋፋ። እኛም በተማሪነታችን ዘመን ሳናላምጥ ዋጥነው። «የደቡብ አረቢያ ሰው» የሚለው የመልክዓ ምድር ስም በአፍ ሲዞር «አረብ» ሆነ። ይኸው ዛሬ አንዱ ሌላውን «መጤ» ብሎ ከአገሩ የሚነቅልበት ዱላ ሆኖ ያገለግላል። ቃላት ሲበላሹ ሰው ይሞታል፤ በአገራችን ይህን በዓይናችን አይተናል።

አሁን ወደ ቋንቋው ልለፍ። አረብኛ መጻፍ ሲጀምር የምናገኘው በየመን ሳይሆን በሰሜን ነው። ከደማስቆ በስተደቡብ ተነሥቶ በዮርዳኖስ በኩል እስከ ሰሜን ሳውዲ አረቢያ የሚዘረጋ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፈበት በረሃ አለ። እረኞች በዚያ ድንጋይ ላይ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ አጫጭር ጽሑፎችን ጭረዋል። ሊቃውንቱ «ሳፋይቲክ» ይሏቸዋል። ብዙዎቹ ክርስቶስ ከመወለዱ ጥቂት ቀደም ብሎ እስከ አራተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተጻፉ ናቸው ተብሎ ይታመናል። የእነዚህን ትርጉም ማንበብ የጀመርኩ ሰሞን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ንጉሥ የለበት፣ ድል አድራጊ የለበት። አንዱ የአባቱንና የአያቱን የቅድመ አያቱንም ስም እየደረደረ ግመሎቹን ውኃ ማጠጣቱን ይጽፋል። ሌላው የወገኑን ስም ድንጋይ ላይ አይቶ ማልቀሱን፤ ሌላው ከሮማውያን ሸሽቶ መምጣቱን ይናገራል። «አላት» የተባለችውን አምላክ ሰላም ይለምናሉ። ጽሑፉን የሚፍቅ ሰው ዓይኑ ይጥፋ ብለው ይረግማሉ፤ የሚረግሙበትም ቃል ከእኛው «ዕውር» ጋር ሥሩ አንድ ነው። እኔም አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ነኝና፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ሸሽቶ መሸሸጊያው ላይ ስሙን የጻፈው ሰው ልቤን ነካው።

በስብሰባው ላይ ግመል ይጠብቁ ነበር የተባለው እንግዲህ እውነት ነው። ግመል እየጠበቁ ይጽፉ ነበር! ትምህርት ቤት ሳይኖር፣ የመንግሥት ጸሐፊ ሳይኖር፣ እረኛ ከእረኛ እየተማረ። አህመድ አል-ጀላድ የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ2015 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ ይህ ቋንቋ የጥንት አረብኛ መሆኑን አስረድቷል። በዚያው ዓመት ከዓሊ አል-መናሲር ጋር ሆኖ በሰሜን ምሥራቅ ዮርዳኖስ የተገኘ ሌላ ድንጋይ አሳተመ፤ በግሪክ ፊደል የተጻፈ አረብኛ ነው። ግሪክ አናባቢ ስለሚጽፍ የእረኛውን አነጋገር እንደ ድምፅ መቅጃ ያሰማናል። የሚገርመው ግን የእረኞቹ የራሳቸው ፊደል ከዛሬው የአረብ ፊደል ይልቅ ለሳባና ለግዕዝ ፊደል ይቀርባል። ወገኑ የደቡቡ ነውና።

ታዲያ የዛሬው የአረብ ፊደል ከየት መጣ? ከናባጣውያን፣ ማለትም ፔትራን ከቋጥኝ ከፈለፈሉት ሰዎች ነው። እነሱ አረብኛ ስሞች እየያዙ የመንግሥት ጽሑፋቸውን ግን በአራማይክ ያደርጉ ነበር። ሮማ በ106 መንግሥታቸውን ስትውጥ ጽሕፈታቸው አብሮ አልጠፋም። ዛሬ ሳውዲ አረቢያ ውስጥ ባለችው በሔግራ፣ በ267 የተጻፈ የአንዲት ሴት የመቃብር ጽሑፍ አለ፤ ፊደሉ ናባጣዊ፣ ቋንቋው ባብዛኛው አረብኛ ሆኗል። ከዚያ በ328 ትልቁ ድንጋይ ይመጣል፤ የናማራው።

ይህንን ድንጋይ ፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ቆሜ አይቼዋለሁ። ፈረንሳውያኑ ዱሶና ማክለር በ1901 ከደቡብ ሶርያ ያገኙት ነው። አምስት መስመር ብቻ ነው። «ይህ የኢምሩእ አል-ቀይስ ወልደ ዐምር ነፍስ ነው፤ የአረቦች ሁሉ ንጉሥ» ብሎ ይጀምራል። ነፍስ ማለት እዚህ የመቃብር ሐውልት ነው፤ ሐበሻ አንባቢ ግን ቃሉን ሲያይ ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል። ንጉሡ ዘመቻው እስከ ናግራን መድረሱን ይናገራል። «አረብ» የሚለውን ቃል የሰው ሳይሆን የአገር ስም ነው ብለው የሚያነቡ ሊቃውንት አሉ፤ ክርክሩ ይቀጥል። እኔ እስከማውቀው ግን ስሙ፣ ቋንቋውና ጽሕፈቱ በአንድ ድንጋይ ላይ የተገናኙት እዚህ ነው። ከጊንዲቡ ግመሎች በኋላ ወደ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አልፎ!

የናባጣው ፊደል 22 ነው፤ አረብኛ ደግሞ 28 ድምፅ አለው። ፊደላቱ እየተቀጣጠሉ ሲሄዱም ብዙዎቹ መልካቸው አንድ ሆነ፤ «በ»ም «ተ»ም «ነ»ም ያው አንድ ጭረት። ነጥብ የሚደረግበት ምክንያት ይኸው ነው። ባለ 29ኙ የሳባ ፊደል በጎረቤት እያለ ይህን የማይመች ልብስ መምረጣቸው መጀመሪያ አስገርሞኝ ነበር። ነገር ግን ፊደል የሚመረጠው ለድምፅ በመመቸቱ ሳይሆን ውል፣ ደብዳቤና ሹመት የሚጻፈው በማን እጅ ነው በሚለው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ ምስክሩ ይበዛል። በ512 ከአሌፖ አጠገብ በዘበድ፣ በቅዱስ ሰርጊስ ስም በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ላይ ግሪክ፣ ሱርስትና አረብኛ ጎን ለጎን ተጻፉ። በ528 ገደማ አንድ ወታደር በሶርያ በረሃ በጀበል ኡሰይስ፣ ንጉሡ አል-ሓሪስ ለጥበቃ እንደላከው ጻፈ። በ568 በሐራን አንድ ሹም የቅዱስ ዮሐንስን መታሰቢያ ማነጹን በግሪክና በአረብኛ አስቀረጸ። ያ አል-ሓሪስ ማን ነው? መልሱ ያለው ማሪብ ነው። የሐበሻው ጦር አዛዥ የነበረውና በኋላ ሒምያርን የገዛው አብርሃ በ548 የማሪብን ግድብ ሲያስጠግን በሳባኛ ባስቀረጸው ትልቅ ጽሑፍ፣ ከነጋሺው፣ ከሮማና ከፋርስ መልእክተኞች ጋር የአል-ሓሪስ ወልደ ጀበላን መልእክተኛ መቀበሉን ይዘረዝራል። አንድ ተራ ወታደር በሰሜን፣ አንድ ሐበሻ ገዢ በደቡብ፣ ሳይተዋወቁ ስለ አንድ ሰው መሰከሩ። እኔ ማስረጃ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

እንግዲህ የእስልምና ሊቃውንት «ጃሂሊያ» ያሉትን ዘመን፣ ማለትም የድንቁርናን ዘመን፣ መሃይምነት ብሎ መተርጎም አይቻልም። በተቃራኒው የአረብ ብሔርተኞች ከሳባ እስከ ባቢሎን ያለውን ሁሉ «አረብ» ማለታቸውም በነዚሁ ድንጋዮች ይወድቃል። ግብፃዊው ጣሃ ሑሴን በ1926 የጃሂሊያ ግጥም የሚባለው አብዛኛው በኋላ ዘመን የተፈጠረ ነው ብሎ ቢጽፍ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ ዐቃቤ ሕግም መረመረው። ዛሬ ሲታይ ጥርጣሬው ከልክ አልፎ ይሆናል፤ ጥያቄውን ለማፈን የተሯሯጡት ግን አንድም ድንጋይ አላቀረቡም።

ውሰትም በሁለቱም አቅጣጫ ነበር። የእስልምና ሊቃውንት ራሳቸው፣ ከነሱም አል-ሱዩጢ፣ በቁርዓን ውስጥ ያሉ የሐበሻ ቃላት ብለው ዝርዝር አውጥተዋል። ጀርመናዊው ኖልደከም በ1910 መርምሯቸዋል። «ሐዋሪዩን» ከሐዋርያ፣ «ማኢዳ» ከማእድ፣ «ሚሽካት» ከመስኮት። መስኮታችን ቁርዓን ውስጥ እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን?

አንድ ቦታ ቀረኝ፤ ሒማ፣ ከናግራን በስተሰሜን። በ523 የአይሁዳዊው የሒምያር ንጉሥ የዩሱፍ፣ የእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ የሚሉት፣ የጦር አዛዥ እዚያ ቋጥኝ ላይ በሳባኛ ዘገባ አስቀርጿል፤ ቤተ ክርስቲያን መቃጠሉን፣ ዘፋር ላይ ሐበሾች መገደላቸውን፣ ከሠራዊቱም ጋር የኪንዳ አረቦች መኖራቸውን ይዘረዝራል። ካሌብ ቀይ ባሕርን የተሻገረው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው አካባቢ የፈረንሳይና የሳውዲ አጥኚዎች በ2014 ይፋ ያደረጉት ሌላ ጽሑፍ አለ፤ ወደ 470 ገደማ የተጻፈ፣ ከናባጣው ወደ አረብኛው በመሻገር ላይ ያለ ፊደል። «ሰውባን ማሊክ» የሚል ስም ነው፤ ከላዩ መስቀል ተቀርጿል።

የዚህን መስቀል ፎቶግራፍ በስብሰባው ላይ ለተከራከሩት ለሁለቱም በስልክ ላክሁላቸው። የመጀመሪያው እስካሁን አልመለሰም። ሁለተኛው «ወንድሜ፣ ይህ የየትኛው ገዳማችን ነው? ትግራይ ነው ላስታ?» ብሎ ጠየቀኝ። ናግራን አጠገብ ነው፤ የጻፈውም እስልምና ሊመጣ መቶ አርባ ዓመት ገደማ ሲቀረው በአረብ ፊደል ስሙን የሚጽፍ ሰውባን የሚባል ክርስቲያን ነው አልኩት።