የባሕር ውሃ እቤት መበጥበጥ፦ ለአኳሪየም የትኛው ጨው ይሆናል? እንዴትስ ይቀመጣል?

ኒሞ እያልን የምንጠራው ብርቱካናማው ክላውንፊሽ የባሕር ዓሣ ነው። ጎልድፊሽ በሚኖርበት ውሃ ውስጥ አይኖርም። አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ ላለ ሰው ከባሕር ቀድቶ መምጣት ስለማይታሰብ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ውሃውን እቤት መበጥበጥ። ዓሣውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልመዱ እንላለን። ዓሣው ውድ ነው፤ የተሳሳተ ውሃ ደግሞ በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል።

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «የወጥ ጨው አይሆንም ወይ?» የሚል ነው። አይሆንም። አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ተሟሟቶ ይገኛል። ከዚህ ውስጥ 30 ግራሙ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ ማለትም የወጥ ጨው የተሠራበት ነገር። የቀረው 5 ግራም ግን ሌላ ነው፦ ሰልፌት 2.7 ግራም፣ ማግኒዥየም 1.3 ግራም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም እያንዳንዳቸው 0.4 ግራም፣ ከዚያ ባይካርቦኔትና ሌሎች በጥቂቱ። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየሙ ነው። ውሃው ወደ አሲድነት እንዳይወርድ የሚይዘው በዋናነት ባይካርቦኔቱ ነው። የወጥ ጨው ውስጥ እነዚህ በሚፈለገው መጠን የሉም። በዚያ ላይ አዮዲን የተጨመረበት ጨው በባሕር መጠን ሲበጠበጥ አዮዲኑ ከተፈጥሮው ባሕር በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

«የአፋር ጨው ራሱ ከቀይ ባሕር የመጣ አይደል?» የሚልም አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነት ነው፣ የደናክል ረባዳ ድሮ የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ደርቆ ነው ያ ሁሉ ጨው የተነጠፈው። ነገር ግን ባሕር ሲደርቅ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አይረጋም። መጀመሪያ የኖራ ድንጋይ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ከዚያ ነው የምንበላው ጨው፤ ማግኒዥየምና ፖታሲየም እስከ መጨረሻው ውሃው ውስጥ ይቆያሉ። ዳሎል አካባቢ ያለው ፖታሽ የዚያ የመጨረሻው ቅሪት ነው። ስለዚህ አሞሌ ማለት የባሕሩ አንድ ክፍል ብቻ ነው። መልሳችሁ ውሃ ብትጨምሩበት ሙሉውን ባሕር አታገኙም።

የሚያስፈልጋችሁ ለባሕር አኳሪየም ተብሎ የተቀመመ ጨው ነው። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፦ «አኳሪየም ሶልት» ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ለጎልድፊሽና ለመሰሎቹ ማከሚያ የሚሆን ተራ ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ማሸጊያው ላይ «ማሪን» ወይም «ሪፍ» የሚል ካላያችሁ አትግዙ። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ተከታታዮቻችን ከቤት እንስሳት ሱቅ በቀላሉ ታገኙታላችሁ። አገር ቤት ያላችሁ ሰው የምትልኩ ከሆነ ክብደቱን አስቡ፤ ለ100 ሊትር ውሃ ወደ 4 ኪሎ ይሄዳል፣ በየጊዜው ለሚቀየረው ውሃም ሌላ ያስፈልጋል።

ወደ ውሃው እንምጣ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። በፓምፕ አየር እየተነፋ አንድ ቀን ቢያድር ተራው ክሎሪን ይወጣል፤ ለጥንቃቄ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ መጨመር ይሻላል። ከቱቦ የሚመጣ መዳብ ካለበት ግን ማሳደር አያወጣውም፤ ሽሪምፕና ኮራል ደግሞ ትንሽ መዳብ ይበቃቸዋል። የሚመረጠው በአርኦ ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ነው። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ንጹሕ ቢሆንም ማዕድን አለው፣ ይዘቱም ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። የዝናብ ውሃስ? ከቆርቆሮ ጣራ የወረደውን እርሱት። ቆርቆሮው ዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንክ ደግሞ ለእነዚህ ፍጥረታት መርዝ ነው።

አሁን ብጥበጣው። ቅደም ተከተሉ ላይ ድርድር የለም፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ጨው። ባልዲው ውስጥ ውሃውን ሙሉ፣ ትንሽ ፓምፕ ክተቱና አስነሱ፣ ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርሱት፣ ከዚያ ጨዉን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ለ20 ሊትር ጀሪካን ከ700 እስከ 800 ግራም አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ልክ ማሸጊያው ላይ ያለው ነው። ጨዉን አስቀድማችሁ ውሃ ብታፈሱበት፣ ወይም የፈላ ውሃ ብትጠቀሙ፣ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ተያይዘው ነጭ ዱቄት ሆነው ይወርዳሉ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚለጠፈው ነጭ ቅርፊት ዓይነት ነው። አንዴ ከወረደ በማማሰል አይመለስም። ውሃው ጨው ጨው ይላል፣ መለኪያውም ደህና ነው ይላል፣ ካልሲየሙ ግን ታች ቀርቷል።

እስኪጠራ ድረስ ፓምፑ ይሥራ። አንዳንዱ ጨው በጥቂት ሰዓት ይደርሳል፣ አንዳንዱ አንድ ቀን ይፈልጋል። ዓሣ ባለበት አኳሪየም ውስጥ ደረቅ ጨው መበተን ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ያልሟሟው ፍሬ ዓሣውንም ኮራሉንም ያቃጥላል።

በምላስ አይለካም። ሪፍራክቶሜትር የሚባለው መሣሪያ አንድ ጠብታ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን አዙራችሁ የምታዩበት ነው። 35 ሲል፣ ወይም በሌላው መስመር 1.026 ሲል፣ ደርሷል። ርካሹ ባለ ቀስት ፕላስቲክ መለኪያም ይሠራል፣ ግን ቀስቱ ላይ የአየር አረፋ ከተለጠፈ ይዋሻል። የትኛውንም ብትገዙ 35 ላይ በተዘጋጀ የማስተካከያ ፈሳሽ አልፎ አልፎ ፈትሹት።

አዲስ አበባ ያላችሁ ይቺን ልብ በሉ። የጨው ውሃ ከተራ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል፤ ከፍታ ደግሞ ይቀንሰዋል። ባሕር ጠረፍ ላይ 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያው ውሃ የሚይዘው ወደ 5 ሚሊግራም ብቻ ነው። በውጭ አገር ቪዲዮ የምታዩትን ያህል ዓሣ እዚህ አታጭቁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ እንደ ጨዉ ሁሉ ግዴታ ነው።

ደረቁ ጨው እርጥበት ይስባል። ውስጡ ያለው ማግኒዥየምና ካልሲየም ክሎራይድ ነው የሚስበው። ከረጢቱን ከከፈታችሁ በኋላ ክዳኑ ጥብቅ ወደሆነ የፕላስቲክ ባልዲ አዛውሩትና ከወለል ከፍ አድርጉት፤ የክረምት እርጥበትም ሆነ የጅዳ ወበቅ ቶሎ ያበላሸዋል። በእጅ የሚፈረፈር ጓል ችግር የለውም። ድንጋይ ሆኖ፣ ሲበጠበጥ ነጭ ዝቃጭ የሚተው ከሆነ ግን አትሞክሩት። ደግሞ ደቃቁ እያደር ወደ ታች ስለሚወርድ ከመጨለፋችሁ በፊት ባልዲውን አገላብጡት።

የተበጠበጠው ውሃ ተከድኖ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ ትንሽ ፓምፕ እየዞረበት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከመጠቀማችሁ በፊት ጨዉንና ሙቀቱን እንደገና ለኩ፤ ቶሎ ይለቅ የሚል ጨው ካጋጠማችሁ ደግሞ ማሸጊያውን ስሙ። የአኳሪየማችሁን ሩብ ያህል ውሃ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ ለክፉ ቀን ይደርሳል። ብረት ዕቃ አይሆንም፣ ምን እንደነበረበት የማይታወቅ በርሜልም አይሆንም። ቢጫው የዘይት ጀሪካን በየቤቱ ስላለ ያጓጓል፤ ግን ታጥቦም የሚቀረው ዘይት ውሃው ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ አየር ይከለክላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ሲጎድል ነው። የሚተነው ውሃው እንጂ ጨዉ አይደለም። ስለዚህ የሚሞላው በተጣራ ባዶ ውሃ ነው። ሒሳቡን እዩት፦ 100 ሊትር አኳሪየም በሳምንት 5 ሊትር ቢተንበትና እናንተ በየሳምንቱ 5 ሊትር ጨው ውሃ ብትሞሉ፣ 175 ግራም ጨው ትጨምራላችሁ። በአራት ሳምንት 35 የነበረው 42 ይገባል። በጣም ጨዋማ ከሆኑት ባሕሮች አንዱ ከሆነው ከቀይ ባሕር በለጣችሁ ማለት ነው። አኳሪየሙ ላይ በምልክት ማድረጊያ የውሃውን ከፍታ አስምሩ፣ ከመስመሩ ሲወርድ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሙሉ። ጨዉ ቀድሞ ከጨመረም በአንድ ጊዜ አታውርዱት፤ ጥቂት ቀድታችሁ በባዶ ውሃ እየተካችሁ በቀናት ውስጥ መልሱት።

የተበጠበጠው ጀሪካን ላይ ደግሞ በትልቁ «የዓሣ ውሃ፣ አይጠጣም» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። ውሃ በጠፋ ሳምንት ቤት ውስጥ ያለ ጀሪካን ሁሉ ይከፈታል፤ ሩዝ ሊቀቀልበት የተጣደ የባሕር ውሃ ማግኘት ማንም አይፈልግም።